ከስድስት ሰው በላይ

ባጃጄን ካዳማ ነድቼ ስመጣ፣
አስፋልቱ ሲያልቅብኝ፣ አቧራው ሲቆጣ፣
ሸንኮራው ሲከበኝ ከግራና ከቀኝ፣
አዋሽ ዳር ስደርስ ነው ድልድዩ ’ሚያቆመኝ።

አያሳልፍም እሱ፤ ጎማ አይወድም ሆዱ፤
አንድ አህያ ከነጭነቷ፣ ይኸው ነው ወርዱ።
ሁለት የሽቦ ገመድ፣ እንደ ክንድ የወፈረ፣
ካሮጌ ክሬን ተፈትቶ ለሰፈሩ የተቸረ፤
መቶ አሥራ ሁለት ሳንቃ፣ አንዱ ላሜራ ሆኗል፤
እሱን የረገጠ እስከ ወንጂ ይሰማል።

በበጋ ማዶው ሰፈር ነው እንደማንም፤
ሽንኩርት ነው፣ ቲማቲም፣ ጥጃ ነው፣ ሌላ የለም።
ሐምሌ ሲገባ ግን አዋሽ ይሰነጠቃል፣
በሁለት ቡናማ ክንድ ሰፈሩን ያቅፋል።
በአንድ ሌሊት ደሴት፣ ካርታ ላይ የሌለ፣
ዶሮው ከነቤተሰቡ ጣራ ላይ የዋለ።

ድልድይ ሳይመጣ በፊት ገመዳ ነበረ፤
አራት ባዶ በርሜል በጠፍር ያሰረ፣
ከዳር ዳር የተወጠረ ገመድ እየሳበ
ሰው ያሻገረ፣ ፍየል ያሻገረ፣ በሳንቲም የተሳሰበ።
በኦሮምኛ ስሙ «ደስ አለው» ማለት ነው፤
በአማርኛ ጆሮ ግን ገመድ የሚመስል ነው።
እኔ ሁለቱንም አየሁ፦ መዳፉ በገመድ ተልጦ፣
ሲስቅ ግን እስከ ድዱ፣ ጥርሱ ሁሉ ተገልጦ።

ድልድዩ ሲመረቅ፣ በግ ታርዶ፣ ጥሩምባ ተነፍቶ፣
ገመዳ በርሜሉን ሸጠ፣ ገበያ ወጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ።
በወሩ ቀበሌው ጠራው፤ «ጠባቂ ሁን» አለው፤
እንጀራውን የበላውን ሽቦ እንዲጠብቅ ቀጠረው።
ሰኞ ብሎን ያጠብቃል፤ ሐሙስ ግራሶ ይቀባል፤
ሌሊት ነፋስ ሲነሳ ባትሪ ይዞ ይነቃል።
በቀይ ቀለም ጻፈ፣ ፊደሉ ተንጋዶ፦
«ከስድስት ሰው በላይ አይሻገር ማዶ።»

ሙሽራን ከሚዜዎቿ ለይቶ ያሳለፈ!
ሊቀመንበሩም ሰባተኛ ሆኖ ቢመጣ፣ ተራውን ተሰለፈ።
ሸንኮራ ቆራጩ ላምቤቦ፣ አንድ ቅዳሜ ሰክሮ፣
«እኔ ግማሽ ነኝ» ቢለው፣
«ግማሽህ ይጠብቅ» አለው፣ በጣቱ መልሶ ቆጥሮ።

ባለፈው ነሐሴ ገመዳ ሞተ፤ በተኛበት፤
ሰፈሩ ደሴት ነበር፤ መቃብሩ ወዲህ፣ ዋርካው ካለበት።
ሁለት መቶ ሰው ይሆናል ማዶ የተሰበሰበው፤
ጠባቂው ቃሬዛ ላይ ነው፤ ማን ነው የሚከለክለው?
ቃሬዛውን ያነሱት አራቱ ሰሌዳው ሥር ደረሱ፤
«ሬሳ ይቆጠራል ወይ?» አለ ላምቤቦ፣ ሳይሰክር፤
ሽማግሎች ተጠቃቀሱ።
«ይቆጠራል» አለች ልጁ ሶሬቲ፤ «አባቴ እኮ ነው!
ሕጉን የጻፈ ከሕጉ አይጎድልም፤ አምስተኛው እሱ ነው።»
ስድስተኛዋ ራሷ ሆና፣ ነጠላዋን አጥብቃ፣ ከኋላው ገባች።
ላሜራዋ ጮኸች።

እኔ ወዲህ ቆሜ ቆጠርኩ።
ስድስት። ሽቦው ረገበ፤ ተወጠረ።
ስድስት።
ለቅሶው እንኳ ተከፋፍሎ መጣ፣ የስድስት የስድስት ዋይታ፤
መካከሉ ላይ የወንዙ ድምፅ፣ ከዚያ ደግሞ ዝምታ።
ሰባት ተኩል የጀመረው መሻገር ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አለቀ፤
አንድ ሰው አልተጋፋ፤ አንድ ብሎን አልወለቀ።

ሲመለሱ መሸ። የመጨረሻዎቹ አምስት ነበሩ።
ሕጉ ስለ ማነስ አይልም፤
ግን ቆሙ፤ ዞረው አዩኝ፤ ምንም አልተናገሩ።
ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው አራግፌ ከዚሁ የምመለስ ነኝ፤
ማዶውን አንድ ቀን አልረገጥኩም፤ ጎማዬ ነው የያዘኝ።

ቁልፉን ነቀልኩ።
ሳንቃው ከሥሬ ሲተነፍስ፣ አዋሽ በጨለማ ሲያጉረመርም፣
ሽቦውን ያዝ አደረግኩ፤
ሐሙስ የቀባው ግራሶ ገና አልደረቀም።